የግል ንብረትና ካፒታሊዝም አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ ከወዳጄ ጋር ስንከራከር «ካፒታሊዝምን የሚቃወም ሁሉ የለበስኩትን ካፖርት ሊቀማኝ የተነሣ ነው» አለኝ። የግል ንብረት ባለበት ሁሉ ካፒታሊዝም አለ ማለት ነውን? ንብረት የመያዝ መብትስ ከምን ይመነጫል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋል። የግል ንብረት ከካፒታሊዝም እጅግ ይቀድማል፤ የሮማ ሕግ ባለቤት በንብረቱ ላይ ያለውን ሥልጣን ሲደነግግ ካፒታሊዝም ገና አልተወለደም ነበር። ልዩነቱን ለማየት አንዲት የልብስ ስፌት መኪና ትበቃናለች። ባለቤቷ ራሷ ተቀምጣ የልጆቿን ልብስ ስትሰፋባት መኪናዋ ንብረት ናት፤ መኪና የሌላት ሴት በደመወዝ እየሰፋችባት ልብሱም ትርፉም ለባለመኪናው ሲገባ ግን ካፒታል ሆናለች። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰዎቹ ግንኙነት ነው። የካፒታሊዝም ተቺዎቹ ማርክስና ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1848 ባወጡት የኮሙኒስት ማኒፌስቶ፣ ሊሽሩ የሚሹት ንብረትን በጠቅላላው ሳይሆን የቡርዣውን (በደመወዝተኛ ጉልበት የሚያተርፈውን የካፒታል ባለቤት መደብ) ንብረት መሆኑን የጻፉት ለዚህ ነው። (በስማቸው የተነሡ መንግሥታት ሁሉ ይህን ወሰን ጠብቀዋል ማለቴ ግን አይደለም።)

ስለ መብቱ ምንጭ አዘውትሮ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1689 በታተመው ስለ መንግሥት በጻፈው ድርሰቱ፣ ሰው የገዛ አካሉና የጉልበቱ ባለቤት ስለሆነ፣ የማንም ባልሆነ ነገር ላይ ጉልበቱን ሲያፈስበት፣ ለሌሎችም በቂና ያንኑ ያህል መልካም ነገር እስከተረፈ ድረስ፣ ነገሩ የእርሱ ይሆናል ይላል። እስከዚህ ድረስ ሐሳቡ ለሠራተኛው ያደላ ይመስላል። ይሁንና በዚያው ምዕራፍ ፈረሴ የጋጠው ሣርም፣ አሽከሬ የቆረጠው ሣርም፣ እኔ የቆፈርኩት ማዕድንም የእኔ ናቸው የሚል ዐረፍተ ነገር ያስገባል። የአሽከሩ ላብ የፈሰሰበት ሣር እንዴት የጌታው ሆነ? በእኔ አስተያየት የጥያቄዎ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጉልበትን የባለቤትነት ምንጭ ያደረገው ፍልስፍና፣ ጉልበቱ ራሱ ሲሸጥ ፍሬውን ለገዢው ያስረክባል።

የሥርዓቱ ደጋፊዎች አሽከሩ በፈቃዱ ተዋውሎ የሸጠው ነው ብለው ይመልሳሉ፤ መልሱም ቀላል አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ግን በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፓርላማ በሺሕ በሚቆጠሩ አዋጆች የጋራ ግጦሽን በአጥር አስከልሎ ወደ ግል ይዞታ ማዛወሩን ያስታውሳሉ። ለሌሎች በቂ መትረፍ አለበት የሚለው የሎክ ቅድመ ሁኔታ ካልተሟላ፣ ጉልበቱን የሚሸጠው ሰው ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ከወዳጅዎ ጋር ዳግም ሲገናኙ ካፖርቱን ይተዉትና ስለዚያ ሣር ይጠይቋቸው።