ከርካሹ ክምር ውስጥ የወጡ ሸክላዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ነኝ። አቅሜ ስለማይፈቅድ የምገዛው በቅናሽ ከሚሸጡት ክምር ውስጥ እየፈለግኩ ነው። አንድ ሰብሳቢ ጓደኛዬ ግን «እዚያ የሚጣለው የማይረባው ነው፤ ገንዘብህን አጠራቅምና የመጀመሪያውን እትም ግዛ» ይለኛል። እውነቱን ነው? እርስዎስ ከርካሹ ውስጥ የሚወዱት አልበም አለ? አቧራውንስ በምን ልጠበው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ጓደኛህን አትስማው። ሸክላን በአብዛኛው የሚያስወድደው ፈላጊው በዝቶ ቅጂው ሲያንስ ነው። የሙዚቃው ጥራት ሌላ ጉዳይ ነው። በሚሊዮን የተሸጠ አልበም ደግሞ በየቤቱ ስለነበረ ሰው ቤት ሲቀይር፣ ማጫወቻው ሲበላሽ፣ ዕቃ ሲጸዳ እየወጣ ክምሩ ውስጥ ይገባል።

የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የካሮል ኪንግን «ታፔስትሪ» (እ.ኤ.አ. 1971) ካገኘህ አትለፈው። ፒያኖው ከፊት፣ ድምፅዋ ያለ ምንም ማጋነን። በ1960 ሽሬልስ የተባሉት ሴቶች የተጫወቱትን፣ እሷ ከጄሪ ጎፊን ጋር የደረሰችውን «ነገም ትወደኛለህ?» የሚል ዘፈን እዚህ ራሷ ቀስ አድርጋ ትዘፍነዋለች። ከኋላ የሚያጅቧት ጄምስ ቴይለርና ጆኒ ሚቼል ናቸው። በሽሬልስ ፈጣን አጨዋወት የወጣት ልጅ ጥያቄ የነበረው እዚህ መልሱን የምታውቅ ሴት ጥያቄ ይሆናል። እኔ ከብዙ ውድ ሸክላዎቼ አስበልጬ እወደዋለሁ።

የመለከት ተጫዋቹ የኸርብ አልፐርት የ1965ቱ አልበምም አለ፣ ሽፋኑ ላይ ክሬም የለበሰች ሴት ያለችበት። ሰው ሽፋኑን አይቶ ይስቅና ይመልሰዋል። ያሳዝነኛል! የመጀመሪያውን ዜማ ብቻ ስማው፤ ሙዚቃው ቀጥ ይልና ትልቁ ከበሮ ብቻውን ድው ድው ብሎ መልሶ ሲጎትተው ቁጭ ብሎ መስማት ያቅትሃል።

የመጀመሪያ እትም ስላልከው፣ የጃዝ መለከት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንይ። በ1959 ሲቀረጽ አንዱ የቴፕ ማሽን ትንሽ ዘገም ብሎ ይሠራ ነበር፤ ስለዚህ በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ያሉት ሦስቱም ዜማዎች ከተጫወቱት ፈጠንና ከፍ ብለው ታተሙ። ፍጥነቱ ተስተካክሎ የወጣው በ1992 ነው። እንግዲህ ሰብሳቢ የሚሻማበት የድሮው ቅጂ በቅኝቱ የተዛባ ነው፣ በኋላ የታረመው ተራ ሲዲ ደግሞ ትክክለኛውን ያሰማሃል። የድሮውን መውደድ መብት ነው፤ ግን ለታሪኩ እንጂ ለድምፁ ይበልጣል ተብሎ አይደለም።

ከክምሩ የማልነካው አንድ ዓይነት አለ፦ በአንድ ገጽ አሥር ዘፈን የታጨቀበት ስብስብ። በአንድ ገጽ ያለው ሙዚቃ በረዘመ ቁጥር መርፌው የሚሄድባቸው ቦዮች ስለሚጠቡ ድምፁ ይደክማል፣ ባሱ ይጠፋል።

ከመግዛትህ በፊት ሸክላውን ብርሃን ላይ ዘንበል አድርገህ እየው። ፀጉር የሚያህለው ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ በጥፍር የሚዳሰሰው ግን መርፌውን ሊያዘልለው ይችላል። ወደ መሃል ያለውን ክፍልም አትርሳ፣ ድምፅ ቶሎ የሚሻክረው እዚያ ነው።

ለማጠቢያ የተጣራ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ክቡን ተከትለህ ጥረግ፣ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት አታርጥብ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን የድሮዎቹን ግን አልኮል አታስነካ፣ አብዛኞቹ የተሠሩበትን ሙጫ ያሟሟዋል።