ሊነሳ ሲል የቆመው አውሮፕላን፦ የጎንደር ልጆች ጥያቄና መልስ

መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ናሽቪል። የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ለመነሳት እየተንደረደረ ነው። ለካ ሌላ የሳውዝዌስት አውሮፕላንም ያንኑ መንደርደሪያ እንዲያቋርጥ ተፈቅዶለታል። የአላስካ አብራሪዎች ፍሬን ያዙ፤ ጎማ ፈነዳ፤ ሰው አልተጎዳም። ይህን ካነሳሁላችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የኖርኩበት ሙያ ነውና እንደ አመጣጡ ልመልስ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ አብራሪው እስከ መቼ ድረስ ነው ማቆም የሚችለው?

እስከ ቪ ዋን። የውሳኔ ፍጥነት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በክብደቱ፣ በነፋሱ፣ በሙቀቱና በመንደርደሪያው ርዝመት ይሰላል። ከ80 ወይም ከ100 ኖት በታች ከሆነ አብራሪው ለትንሽ ጥርጣሬም ይቆማል። 100 ኖት በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ግን የሚቆመው ለከባድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእሳት፣ ለሞተር መጥፋት፣ መንገዱ ላይ ለቆመ አውሮፕላን። ቪ ዋን ካለፈ የቀረው አስፋልት ለማቆም አይበቃም። አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በሌላው ይነሳል እንጂ አይቆምም።

ከአዘዞ፦ የእኛ ኤርፖርት ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

በጣም! ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። አብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ በባሕር ወለል ላይ የሚያሳየውን ያንኑ ቁጥር ያሳየዋል። ጎማው ግን መሬት ላይ 10 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይሮጣል። ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። በሚያዝያ ቀትር ደግሞ ይብሳል። አንዳንዴ ጭነት የሚቀነሰው ለዚህ ነው። ሻንጣችሁ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል ቢሏችሁ አትቆጡ።

ከፒያሳ፦ ጎማው ለምን ፈነዳ? ፍሬኑ ደካማ ነው?

ኧረ አይደለም። አብራሪው ጉልበቱን ሲቀንስ አውቶማቲኩ ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ይይዛል። ክንፉ ላይ ያሉት ሳህኖች ይነሳሉ፣ ሞተሩም ግፊቱን ወደ ፊት ያዞራል። ያ ሁሉ ፍጥነት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ጎማው እንዳይፈነዳ ቸርኬው ላይ ያሉ ትንንሽ መክደኛዎች ቀልጠው አየሩን ያስወጣሉ። ጎማ ፈነዳ ወይም ተነፈሰ ማለት ፍሬኑ ደከመ ማለት አይደለም፤ ሠራ ማለት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ወይስ የአብራሪው?

አንድ ሰው ብቻ መፈለግ አይጠቅመንም። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ ላይ የሆላንዱ ኬኤልኤምና የአሜሪካው ፓን አም ሁለት ቦይንግ 747 ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። ጉም ነበር። የኬኤልኤሙ ካፒቴን ሳይፈቀድለት ተንደረደረ። ማማውና የፓን አም አብራሪዎች ግን እኩል በሬዲዮ ስለተናገሩ ድምፃቸው ተዋጠ፤ ማስጠንቀቂያው በትክክል አልተሰማም። ኒው ዮርክ ላይ ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ቦይንግ 777 በስህተት መንደርደሪያ አቋረጠ። ተቆጣጣሪው አይቶ ሊነሳ ይንደረደር የነበረውን የዴልታ አየር መንገድ አውሮፕላን መነሳት ሰረዘ፤ አብራሪዎቹም ወዲያው ቆሙ። እነዚህን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ጥቂት ሰከንድ ነው ያላቸው።

ልጄ፣ እኛ ተሳፋሪዎችስ ምን እናድርግ?

እማማ፣ ቀበቶዎን ጠበቅ ያድርጉ። ሲቆም አይነሱ፤ አስተናጋጆቹን ይስሙ። ውጡ ከተባለ ሻንጣ አይንኩ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ ያረፈ ኤርባስ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከትንሹ አውሮፕላን 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። ከሚቃጠለው ኤርባስ ግን 379ኙም በሕይወት ወጡ።

ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል?

የእኛ በረራ እንደ ናሽቪል አይበዛም። እኔን የሚያሳስበኝ ወፍ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ቦይንግ 737 ሊነሳ ሲል እርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ቪ ዋን አልፎ ስለነበር መቆም አልተቻለም። ሊመለስ ሲል ሞተሮቹ ጠፉ፤ 35 ሰው ሞተ። አዘዞ ያላችሁ እባካችሁ ቆሻሻና የከብት ሬሳ በኤርፖርቱ ዙሪያ አትጣሉ፤ ወፍ የሚጠራው እሱ ነው።

አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ በዚያው ቀን ይበራል?

ቀስ ብሎ ሳለ ከቆመ አዎ። በከፍተኛ ፍጥነት ከሆነ ፍሬኑ መቀዝቀዝ፣ ጎማው መታየት አለበት። ምግብ ያዙ።