በባሕር ጠፍቶ አስከሬኑ ላልተገኘ ክርስቲያን ፍትሐት ይደረጋል?

ጥያቄ፦ በበርሙዳ አካባቢ ለልምምድ ወጥተው የጠፉትን አምስት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች አጋንንት ሰወሯቸው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? አስከሬኑ ከባሕር ላልወጣ ክርስቲያንስ ፍትሐት ይደረጋል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ አጋንንት ሰውን እንደሚፈታተኑ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ነገር ግን ሂደቱ በሬዲዮ የተሰማን አደጋ ለእነርሱ መስጠት አይገባም።

አቬንጀር የተባሉት፣ ቶርፔዶ (የባሕር ውስጥ ፈንጂ) የሚጥሉ አምስቱ አውሮፕላኖች 14 ሰዎች ይዘው ኅዳር 26 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ወር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10 ገደማ ከፎርት ላውደርዴል ፍሎሪዳ ተነሡ። የቦምብ ልምምድ አድርገው በምሥራቅና በሰሜን ዞረው ሊመለሱ ነበር። መሪው ሁለቱም ኮምፓሶቹ እንደተበላሹበት ተናገረ። ከሥሩ ያያቸውን ደሴቶችም ከፍሎሪዳ በስተደቡብ ያሉት «ኪስ» (Keys) የሚባሉ ደሴቶች መሰሉት፤ መርማሪዎች እንዳመኑት ግን የነበረው ከፍሎሪዳ በስተምሥራቅ ባሉት የባሃማስ ደሴቶች ላይ ነው። ከኪስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የበረረ የብስ ያገኛል፤ ከባሃማስ በዚያው አቅጣጫ የበረረ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይርቃል። ወደ ነፍስ አድን የሬዲዮ መስመር ቀይር ቢሉትም ባልደረቦቹን እንዳያጣ ፈርቶ አልቀየረም። ለጓዶቹ የተጨነቀን ሰው የአጋንንት መጫወቻ ማድረግ በደል ነው። ሌሊቱ መጣ፣ ባሕሩ ተናወጠ፣ ነዳጁም እያለቀ ሄደ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው ጠፋ። ሊፈልጋቸው የወጣው ማሪነር የተባለ አውሮፕላንም ከነ13 ሰዎቹ አልተመለሰም፤ አንድ መርከብ በዚያ ሰዓት እሳት አይታለች።

ወደ ፍትሐቱ እንምጣ። በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችም ይህንኑ ይጠይቃሉና። አስከሬን ከሌለ ግንዘቱና ቀብሩ ይቀራል፤ ጸሎቱ አይቀርም። ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ በዮሐንስ ራእይ 20፥13 ተጽፏል፤ መጽሐፈ ሔኖክም ዓሣ የበላቸው ሳይቀሩ እንደሚመለሱ ይናገራል። ፍትሐት ተጠምቆ በሃይማኖት ላረፈ ነው፤ ስለዚህ ለካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስሙ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ የመጠሪያ ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። ስሙ ከጠፋ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ይጠይቁ፣ የተጠመቀበትንም ደብር። ሞቱ ሳይረጋገጥ ግን አይቸኩሉ፤ እስከዚያው በሕይወት እንዳለ ሰው በጸሎት ያስቡት። ሲረጋገጥ አርባውንና ሰማንያውን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጥሩ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ።