የአክስቴ ልጅ የነገረኝን ይዤ አክሲዮን ብገዛስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአክስቴ ልጅ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን፣ «ድርጅታችንን ትልቅ ኩባንያ ሊገዛው ነው፤ ገና በይፋ አልተነገረም፤ አክሲዮኑን ቶሎ ግዢ» አለኝ። እኔ እዚያ አልሠራም። ለእሱም ምንም አልከፈልኩትም። ታዲያ ምን ያስጠይቀኛል? በእኔ ጥቂት ሺህ ዶላርስ ማን ይጎዳል? (ግራ የገባኝ እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይግዙ። እስካሁን ካልገዙ ጥፋት የለብዎትም፤ መስማት ብቻውን አያስጠይቅም።

«አልከፈልኩትም» ማለት እንደማያዋጣ አንድ እውነተኛ መዝገብ ያሳያል። ማሄር ካራ ሲቲግሩፕ በሚባል ትልቅ ባንክ ውስጥ የጤና ኩባንያዎችን በሚያማክረው ክፍል ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ወንድሙ ማይክል፣ የሰው ውለታ አለብኝና መረጃ ስጠኝ አለው። ማሄር ገንዘብ ልስጥህ ቢለው ማይክል እምቢ አለ። ማሄርም መረጃውን ሰጠው። ማይክል የሚሰማውን ለማሄር ሚስት ወንድም ለባሳም ሳልማን ያቀብል ነበር። ሳልማን ነገደበት፤ ለማሄር አምስት ሳንቲም አልሰጠም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ጥፋተኝነቱን በሙሉ ድምፅ አጸና። ለዘመድ እንዲነግድበት መረጃ መስጠት፣ ራስ ነግዶ ትርፉን በስጦታ እንደ መስጠት ነው አለ። ሳልማን የተፈረደበት የሦስት ዓመት እስር ነው።

እኛ ዘንድ ዘመድ ለዘመድ ሥራ ይጠቁማል፣ ቤት ይጠቁማል። ደግ ባሕል ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም። ይህ መረጃ ግን የኩባንያው ንብረት እንጂ የአክስትዎ ልጅ ንብረት አይደለም።

ወንጀሉ ቢቀርልዎ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ አለ። የአክሲዮን ገበያውን የሚቆጣጠረው ኤስኢሲ ትርፍዎን ያስመልሳል፤ በላዩ የትርፉን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስቀጣዎ ይችላል። 10,000 ዶላር ቢያተርፉ ቅጣቱ ብቻ እስከ 30,000 ይደርሳል። «ማን ይጎዳል?» ላሉት ደግሞ፣ እርስዎ ሲገዙ የሚሸጥ ሰው አለ። ዜናውን ቢያውቅ ኖሮ በዚያ ዋጋ አይሸጥም ነበር። በዚያው ሰሞን የሸጡ ሰዎች እርስዎን በቀጥታ ሊከሱ ይችላሉ። የካሳው ጣሪያ ያገኙት ትርፍ ነው፤ ለኤስኢሲ የመለሱት ይቀነስልዎታል። መክሰሻው ጊዜ 5 ዓመት ነው። የአክስትዎ ልጅም አንድ ሳንቲም ሳይበላ ከእርስዎ ጋር በአንድነት ይጠየቃል። ሥራውን ማጣቱን ሳልቆጥር ነው።

«ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል» አይበሉ። እንዲህ ያለ የኩባንያ ግዢ ይፋ ሲሆን ፊንራ የሚባለው ተቆጣጣሪ አክሲዮኑን ቀደም ብሎ ማን እንደገዛ ይመረምራል። የነጋዴዎቹን ስም ዝርዝር ለኩባንያው ይልካል። ነገሩን አስቀድመው ያወቁት ሠራተኞች «ከእነዚህ የምታውቁት አለ?» ተብለው ይጠየቃሉ። የአክስትዎ ልጅ እዚያ ወረቀት ላይ ስምዎን ሲያይ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ያጋልጥዎታል። እዚህ ጣጣ ውስጥ አይክተቱት።

ዜናው በይፋ ወጥቶ ገበያው ከሰማ በኋላ መግዛት ይችላሉ። እስከዚያ ለባለቤትዎም ቢሆን አይንገሩ። ምናልባት ጥያቄውን ከላኩልኝ ወዲህ ገዝተው ከሆነ፣ የስልክ መልእክት አያጥፉ፤ አክሲዮኑንም በጥድፊያ አይሽጡ። ነገ ጠዋት በዚህ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ፤ የአክስትዎ ልጅም የራሱን ጠበቃ ይያዝ።