ለአዲስ ተመዳቢ መምህራን፣ የማህበሩ ስብሰባ ላይ ግቡ

ዘንድሮ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለምትመደቡ ልጆች ነው ይሄን የምፅፈው፣ መንዝም ይድረሳችሁ መርሃቤቴም ሸዋሮቢትም። 38 አመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ከዛ ውስጥ 11ዱን አመት የትምህርት ቤታችን መሰረታዊ መምህራን ማህበር ፀሐፊ ነበርኩ። "ማህበሩ ከደሞዝ መዋጮ መቁረጥ ነው እንጂ ምን ያረግልናል" ስትሉ እሰማለሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ በናንተ እድሜ እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ ስብሰባ ሲጠራ ፈተና አርማለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው።

ያስተማረኝ የራሴ ጉዳይ ነው። ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር የማድግበት ጊዜ ደርሶ አብረውኝ የተቀጠሩት ሁሉ ሲያድጉ እኔ ቀረሁ፣ ብጠይቅ የሁለት መንፈቅ የስራ አፈፃፀም ውጤትሽ ከፋይልሽ ውስጥ የለም ተባልኩ። ተሞልቶ ፈርሜበታለሁ ግን ቅጂ አልያዝኩም። መንዝ ላይ ያን ጊዜ ወረዳው ከተማ ለመድረስ በዛ ውርጭ ሌሊት ተነስቶ የአራት ሰአት የእግር መንገድ ነው፣ አራት ጊዜ ተመላለስኩ አራቴም "ሌላ ቀን ነይ" ተብዬ ተመለስኩ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ።

የማህበራችን ፀሐፊ የነበሩት ትልቅ ሰው ይሄን ሲሰሙ "ለምንድነው በአፍሽ የምትለምኚው?" አሉኝ። ከሰአት በኋላ እስታፍ ሩም አስቀምጠው በካርቦን ወረቀት ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አፃፉኝ፣ ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤት የቀረውን የውጤት ቅጂ ፈልገው ማህተም እንዲያረጉበት አስደረጉ፣ በማግስቱ ክፍለ ጊዜያቸውን ለሌላ መምህር ሰጥተው አብረውኝ ሄዱ። መዝገብ ቤት ስንደርስ አንዱን አስረከቡና ሁለተኛውን አውጥተው "እዚህ ላይ ደግሞ የገቢ ቁጥርና ቀን ፃፉና ፈርሙልን" አሉ። ሰራተኛው ቀና ብሎ አያቸው፣ ፃፈ፣ ፈረመ። ከዛ በኋላ ወረቀቱ አልደረሰንም ማለት የለም። በሁለት ወር ውስጥ እድገቴ ከነውዝፉ ተከፈለኝ። በቃል ያለ ይረሳል በፅሁፍ ያለ ይወረሳል የሚሉት እውነት ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያ ደሞዛችሁ አንድ ክላሰር ግዙና የምደባ ደብዳቤያችሁን የየመንፈቁን ውጤት ሰርተፍኬቱን ሁሉንም ኮፒ እያረጋችሁ አስቀምጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት።

አንድ ነገር ግን በደንብ እወቁ። የመንግስት መምህር እንደ ፋብሪካ ሰራተኛ አይደለም፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 እኛን አይመለከትም፣ የምንተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ህግ ነው፣ ስለዚህ ማህበሩ የህብረት ስምምነት፣ ማለትም ስለ ስራ ሁኔታችሁ ከአሰሪው ጋር የሚደረግ ውል፣ ፈርሞ አሰሪውን አያስገድድላችሁም። አቅሙ ደብዳቤው ነው፣ ቅሬታ ሰሚ ፊት አብሯችሁ መቆሙ ነው፣ ይግባኝ ሲያስፈልግ መንገዱን ማሳየቱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባሉ ብዛት። የግል ትምህርት ቤት የምትቀጠሩት ደግሞ በአዋጁ ስር ናችሁ፣ የሰራተኛ ማህበር ማቋቋም ትችላላችሁ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማህበር ከ1941 ጀምሮ ያለ ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሴክተር ሪቪው የሚባለውን የመንግስት የትምህርት ለውጥ እቅድ ተቃውመው ስራ ሲያቆሙ ተማሪውና የታክሲ ሹፌሩም ተነስቶ ነበር፣ መንግስትም እቅዱን ለማቆየት ተገደደ። ያን ያረገው አዲስ አበባ ያለ ቢሮ ብቻ አይደለም፣ በየትምህርት ቤቱ የነበረ መምህር ነው።

ደካማ ጎንም አለው አልደብቃችሁም። ተመርጦ ከአመራሩ ጎን የሚቆም ሰው አይቻለሁ፣ ለዝውውሩ ሲል ብቻ የሚመረጥም አይቻለሁ። መፍትሄው ግን ማህበሩን ትቶ መውጣት ሳይሆን በቀጣዩ ምርጫ ሰውየውን ማንሳት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለተጠራ ስብሰባ ከ40 መምህር 9 ሰው ከመጣ እሱን ማን ያነሳዋል?

በወረቀት የማይፃፍ ስራም አለ። አንዲት ገና ስድስት ወር ያልሞላት የሂሳብ መምህርት ደጋ ላይ ታማብን በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት ድረስ አወረድናት፣ ሶስት ሳምንት ደብረ ብርሃን ስትታከም 24 ክፍለ ጊዜዋን ተከፋፍለን አስተማርንላት፣ ደሞዟ እንዳይቆረጥ የሀኪም ወረቀቷን ይዤ ወረዳ የሄድኩት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ተመልሳ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቀጣዩ ስብሰባ መቼ ነው ብላ ነው፣ በሁለተኛው አመት ገንዘብ ያዥ አድርገን መረጥናት፣ ጡረታ ስወጣ ማህተሙንና የስብሰባ መዝገቡን ያስረከብኩትም ለሷ ነው።