የመጨረሻው ተራራ በጉም ውስጥ

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የ36 ተራሮች ስም የሰፈረበት ወረቀት አዘጋጅቼ ሁሉንም በእግሬ ለመውጣት ለራሴ ቃል ገባሁ። 35ቱን አዳርሼ የመጨረሻውን ባለፈው ወር ከጓደኛዬ ጋር ወጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ሰማይ ከቀትር በኋላ ዶፉን ለቀቀው፤ ሸንተረሩ ላይ ስንደርስም ጉሙ ከአሥር እርምጃ ወዲያ አያሳይም ነበር። ከአንድ የድንጋይ ክምር ስንደርስ የእጅ ሰዓቴ ያሳየው ከፍታ ከዝርዝሬ ቁጥር ጋር ገጠመ፤ ደስ ብሎን ፎቶ ተነሣን። ወዲያው ግን እየተንቀጠቀጥኩ የጃኬቴን ዚፕ መዝጋት እንዳቃተኝ ያየው ጓደኛዬ «በቃ እንውረድ» ብሎ ይዞኝ ወረደ። ቤት ገብተን የሄድንበትን መስመር በካርታ ላይ ስንመለከት ክምሩ የሚገኘው ከትክክለኛው አናት 150 ሜትር ያህል ወዲህ፣ በ20 ሜትር ዝቅ ባለ ጉብታ ላይ ሆኖ ተገኘ። ጓደኛዬ «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍተህ በዚህች አትጨነቅ፤ ማን ያውቅብሃል?» ይለኛል። ጨርሻለሁ ማለት እችላለሁ? ሰዓቴስ እንዴት ሊሳሳት ቻለ?

ዝርዝሩን ያላጠፈው አንባቢ

መልስ፦ ከሰዓትዎ ልጀምር፤ ያሳሳተዎት ሳይሆን አይቀርም የምለው ያው ዝናቡን ያመጣው አየር ነውና። ብዙዎቹ የተራራ ሰዓቶች ከፍታን የሚያሰሉት በዙሪያቸው ካለው የአየር ግፊት ተነሥተው ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ መሣሪያው የግፊቱን መቀነስ ሁሉ እንደ መውጣት ይቆጥረዋል። ዝናብ ያዘለ አየር ሲመጣም ግፊቱ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ግን የወጣው ሰውየው ይሁን ወይስ የተለወጠው አየሩ መለየት አይችልም። ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሲወርድ መሣሪያው በዝቅተኛ ቦታዎች 8 ሜትር ያህል፣ ከፍ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከዚያም የበለጠ ወደ ላይ ይዋሻል። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ቀትር ግፊቱ በሁለት ሄክቶፓስካል ተኩል ብቻ ቀንሶ ከነበረ፣ የእርስዎ 20 ሜትር ከዚያ መጥቷል። ከፍታው በሚታወቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በካርታ ላይ ቁጥሩ በተጻፈ መተላለፊያ ላይ ቆመው ሰዓቱን ቢያስተካክሉት ኖሮ ስሕተቱ እዚያው በታረመ ነበር።

የድንጋይ ክምሩም ማስረጃ አይሆንም። ሰዎች ድንጋይ የሚከምሩት በአናት ላይ ብቻ ሳይሆን መንገድ በሚታጠፍበት፣ ከታች በሚታይ ጉብታ ላይ፣ አንዳንዴም እንደ እርስዎ በጉም ውስጥ አናቱን ያገኙ በመሰላቸው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። አልጨረሱም። ይህን የምለው ልፋትዎን ለማሳነስ አይደለም፤ ዝርዝሩን ያወጡትም፣ የሚፈርዱበትም እርስዎ ብቻ ስለሆኑ የጓደኛዎ «ማን ያውቅብሃል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በእጅዎ ነው፤ ያወቀብዎት ሰው ደብዳቤውን ጽፎልኛል።

በዚህ ነገር የተቸገሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርትሰን እ.ኤ.አ. በ1901 በአገራቸው ከ3,000 ጫማ (914 ሜትር) በላይ የሆኑትንና በ1891 ሂዩ መንሮ የዘረዘራቸውን ተራሮች በመጨረስ የመጀመሪያው ሰው ተብለው ለብዙ ዘመን ሲወደሱ ኖረዋል። ኋላ ግን ማስታወሻቸውን የመረመሩ ሰዎች ቤን ዋይቪስ በተባለው ተራራ ላይ ከዝናብ ሸሽተው እንደተመለሱ የሚያሳይ ቃል አገኙ፤ ተመልሰው ስለመውጣታቸው ግን ግልጽ ማስረጃ ስለታጣ ስማቸው እስከ ዛሬ ከጥርጣሬ አልወጣም።

ከዚህ ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርበው የአሜሪካዊው ኤድ ቪስተርስ ታሪክ ነው። ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑትን 14 ተራሮች ለመጨረስ ሲጥር በ1993 ሺሻፓንግማ ላይ መካከለኛውን ጫፍ ነክቶ ተመለሰ። ዋናው አናት ከዚያ የሚበልጠው በ20 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቪስተርስ በ2001 ያንኑ ተራራ እንደገና ወጥቶ ዋናውን አናት ረገጠ፣ 14ኛውንም በ2005 ፈጸመ። ለ20 ሜትር ሲባል አንድን ግዙፍ ተራራ ከሥሩ ጀምሮ መውጣት ለብዙዎች እብደት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን መመለሱንም፣ ከስምንት ዓመት በኋላ መሄዱንም እኩል አደንቃለሁ።

ምክንያቱም ያን ዕለት መመለስዎ ትክክል ነበር። ጣት ዚፕ መዝጋት ሲያቅተው የሰውነት ሙቀት እየወረደ ለመሆኑ ቀዳሚ ምልክት ነው፤ ቀጥሎ ንግግር ይኮላተፋል፣ እግር ይሰናከላል፣ ማመዛዘንም ይዛባል። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ የራሰ ልብስና ነፋስ ከዜሮ ዲግሪ በብዙ በላይ በሆነ ብርድ ውስጥ እንኳ ሰውን ይገድላሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መንቀጥቀጡ ሳይሞቅዎት ሲቆም ነው፤ ያኔ ሰውነት መታገሉን ትቷል። የመጨረሻው ተራራ መሆኑ ብቻ «ትንሽ ልታገሥ» የሚያሰኝ ኃይል አለው፤ በሃያኛው ተራራ ላይ ቢሆን ኖሮ ዶፉ ሲጀምር የሚመለሱ ይመስለኛል። ጓደኛዎ ስለ ዝርዝሩ የሰጠዎትን ምክር ባልቀበለውም፣ እዚያ ላይ ያደረገልዎትን ግን አይርሱበት።

ሲመለሱ ከመጨረሻው አቀበት በፊት ሰዓትዎን ያስተካክሉ፤ ካርታውን ያለ ኔትወርክ በሚሠራ መልክ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ከክምሩ እስከ አናቱ ያለውን አቅጣጫ በኮምፓስ አስቀድመው ለክተው ይጻፉ። የዝናብ ልብስዎን ከመራስዎ በፊት ይልበሱ፤ ደረቅ ሹራብና ተጨማሪ ጓንት ውኃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ፤ የት ቢደርሱም የሚመለሱበትን ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ከጓደኛዎ ጋር ይስማሙበት። በክምሩ ላይ ብዙ አይቆዩ፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ተሻግረው አናቱን ከረገጡ በኋላም ከፊት ሌላ ከፍ ያለ ጉብታ አለመኖሩን ይመልከቱ። እንደገና ከዘነበም እንደገና ይመለሱ፤ ዝርዝሩ የማብቂያ ቀን የለውም። ባለፈው ወር የተነሣችሁትን ፎቶ ግን አያጥፉት፤ ቀኑን ከጀርባው ጽፈው ከ35ቱ ጋር ያኑሩት።