የሚያጋባን ሰው ማን ይሁን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ መሀል ቆሞ ቃል ስለሚያስገባው ሰው። አዳራሽና ልብስ ለመምረጥ ወራት ይፈጃል፣ የሚያጋባው ሰው ግን መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው ትዝ የሚለው፣ ይሄ ደሞ በጣም ያሳስበኛል። የደረሰኝን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰርጋችን ሁለት ወር ቀርቶታል፣ የሚያጋባንን ሰው መቼ ብናናግር ጥሩ ነው?

መልስ፦ ዛሬ። እንደውም አዳራሹን ከመያዛችሁ በፊት እሱን "በዚህ ቀን ትችላለህ ወይ" ማለት ነበረባችሁ። የሃይማኖት አባት ከሆኑ ቀድሞ የሚሰጥ ትምህርት ይኖራል፣ የማያጋቡባቸው ወቅቶችም አሉ። መንግስትም የራሱ ቀን አለው፤ አውስትራሊያ ውስጥ የጋብቻ ማስታወቂያው (ልንጋባ ነው ብላችሁ የምትሞሉት ፎርም) ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው አጋቢው እጅ መግባት አለበት፣ እንግሊዝ አገር ደሞ ማስታወቂያ ሰጥታችሁ 28 ቀን ትጠብቃላችሁ። ሁለት ወር ረጅም አይደለም፣ ተነሱ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለነው። የቅርብ ጓደኛችን ኦንላይን ተመዝግቦ የማጋባት ሹመት አግኝቷል፣ እሱ ቢያጋባን ሕጋዊ ነው ወይስ ጨዋታ ነው?

መልስ፦ እንደ ስቴቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ወጥ የጋብቻ ሕግ የለም፣ ብዙ ስቴቶች እንደዚህ አይነቱን ሹመት ይቀበላሉ፣ ቴነሲ ግን በ2019 ኦንላይን የተሾሙ ሰዎች እንዳያጋቡ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ደሞ ጓደኛችሁ ለአንድ ቀን፣ ለናንተ ጋብቻ ብቻ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ኮሎራዶ ላይ ከሆናችሁ ጭራሽ አጋቢ ሳይኖር ሁለታችሁ ራሳችሁ ፈርማችሁ መጋባት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሰርጉ የሚደረግበት ቦታ ያለውን የካውንቲ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የምትኖሩበትን ሳይሆን የምትጋቡበትን፣ ሰው ይሄን ነው የሚያምታታው። ሌላ አገር ያላችሁም ይሄን መልስ ለራሳችሁ እንዳትወስዱት። እንግሊዝ ውስጥ በግሉ የሚሰራ ሴሌብራንት (የሰርግ ስነስርዓት መሪ) የፈለገውን ያህል ቆንጆ ስነስርዓት ቢመራላችሁ በሕግ ፊት አላጋባችሁም፣ ወረቀቱን መዝጋቢው ፊት ለብቻ መፈራረም ግድ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደሞ በሕግ የሚያጋባው ከንቲባው ወይም ምክትሉ ነው፣ ከ1792 ጀምሮ ጋብቻ የመንግስት ጉዳይ ነው፣ የሃይማኖቱ ስነስርዓት ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሕጉ ቢያልፍ ደሞ ጓደኝነት ብቻ አይበቃም። ሰው ፊት ቆሞ ድምፁ የሚወጣ ነው ወይ? "ይሄን እንዳትናገር" ስትሉት የሚሰማ ነው ወይ? የድሮ ፍቅረኛ ታሪክ እያነሳ ሰው ለማሳቅ የሚሞክር ከሆነ ሌላ ኃላፊነት ስጡት፣ በጣም ብትወዱትም።

ጥያቄ፦ የአጋቢው ልብስ ከሚዜዎቹ ከለር ጋ መሄድ አለበት?

መልስ፦ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሰርጉ አልቋል። የተፈረመውን የጋብቻ ፈቃድ ወረቀት ወደ ሰጠን ቢሮ የሚመልሰው ማነው? ባለቤቴ "አጋቢው ነው፣ ተረጋጊ" ይለኛል፣ እኔ ግን እየጠረጠርኩ ነው።

መልስ፦ መጠርጠርሽ ልክ ነው። በብዙ ቦታ ባልሽ እንዳለው የአጋቢው ግዴታ ነው፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ10 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ግዴታው መኖሩና ሰውየው ማድረጉ ግን ለየብቻ ነው። የታላቅ እህቴን ልንገርሽ፤ ያጋባት ሰው ደግ ሰው ነበር፣ ንግግሩ ሁላችንንም አስለቅሶናል፣ የተፈረመውን ወረቀት ግን መኪናው ውስጥ ረስቶት ኖሯል። እህቴ ሁለት አመት ከምናምን ባለትዳር ሆና ኖራ ለኢንሹራንስ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስትጠየቅ ቢሮው ሄዳ "በዚህ ስም ምንም የለም" ተባለች፣ ያን ቀን ስልክ ላይ ያለቀሰችው ልቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተስተካከለ በመጨረሻ፣ ግን ስንት ወር ተመላልሳ። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአጋቢው ደውይና "መቼ፣ በምን ላክኸው" በይው፣ ከዛ ቢሮውን ጠይቀሽ ማህተም ያለበትን ኮፒ አውጪ። ገና ያልተጋባችሁ ደሞ እንደተፈረመ ፎቶ አንሱት። ጠፍቶ ከሆነ ፈቃዱን የሰጣችሁ ቢሮ መፍትሄ ይኖረዋል፣ ካልሆነም ጠበቃ።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ውጭ አገር ነው፣ ለወንድሙ ውክልና ልኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ክብር መዝገብ ሄደን ብንፈራረምስ?

መልስ፦ ውክልና ለቤትና ለመኪና ነው የለመድነው፣ ጋብቻ ላይ ግን እንደዛ አይሰራም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213) ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ነው የሚለው። በውክልና የሚሆነው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው። ክልሎችም የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ያለሽበትን ክብር መዝገብ ጠይቂ። በሃይማኖት ወይም በባህል ብትጋቡም ሕጉ ያውቀዋል፣ ማስመዝገቡ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ ይሄኛው ረጅም ደብዳቤ ነው፣ አሳጥሬ ልንገራችሁ። የአንዲት ልጅ ሰርግ ሶስት ሳምንት ቀርቶታል። የሚያጋቧት ሰው የሁለቱም ቤተሰብ የቆየ ወዳጅ ናቸው፣ ከአባቷ ጋ ሶስቴ ተገናኝተዋል፣ ከሙሽራው ጋ አንዴ፣ ከሷ ጋ ግን ከሰላምታ አላለፉም። "ለብቻዬ ላናግርዎት ብላቸው ነውር ይሆንብኛል?" ትላለች። መጨረሻ ላይ ደሞ በአንድ መስመር "እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ሁሉ ነገር ተከፍሏል" ብላ ዘግታዋለች።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ያቺን የመጨረሻ መስመር ስንቴ እንዳነበብኳት። ነውር አይደለም፣ ነውሩ እሳቸው አንቺን ሳያናግሩ ሶስት ሳምንት መቅረቱ ነው።

በኛ ቋንቋ ፈቃድ ስንል ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ቢሮ ማህተም አድርጎ የሚሰጠው ወረቀት፣ ሌላው ሰው ከልቡ እሺ ማለቱ። ከላይ የመለስኩት ሁሉ ስለ ወረቀቱ ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አጋቢው እዛ መሀል የሚቆመው ግን ከወረቀቱ ይልቅ ለሁለተኛው ነው። የካቶሊክ ቤተክርስቲያን በ1563 በትሬንት ጉባኤ ጋብቻ ካህንና ምስክሮች ፊት እንዲሆን ስታዝ፣ ካህኑ ወንዱንም ሴቷንም ጠይቆ የሁለቱንም ፈቃድ ካወቀ በኋላ ነው እንዲያጋባ ያለችው። ኒካህም (የሙስሊሞች ጋብቻ) ላይ ቢሆን ነገሩን የሚያጸናው የኢማሙ ንግግር ማማር ሳይሆን ምስክር ፊት የሚባለው ኢጃብና ቀቡል፣ ማለትም የጋብቻ ጥያቄውና "ተቀብያለሁ" የሚለው መልስ ነው። የተባበሩት መንግስታት በ1962 ያወጣው የጋብቻ ፈቃድ ስምምነት ደሞ ፈቃዱ በተጋቢዎቹ በራሳቸው አንደበት፣ ለማጋባት ስልጣን ባለው አካልና በምስክሮች ፊት መነገር አለበት ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግስትም አንቀጽ 34 ላይ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነው የሚመሰረተው ይላል። በአራት መቶ አመት ልዩነት፣ በተለያየ እምነት፣ ሁሉም የመጡት እዛው ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ አንቺን ይጠይቅሻል፣ መልስሽን ይሰማል። መልሱ አስቀድሞ በሌላ ሰው ተመልሶ ካለቀ እሳቸው እዛ ምን ይሰራሉ?

ስለዚህ ደውይላቸው። "ጋሼ፣ ከሰርጉ በፊት ግማሽ ሰዓት ለብቻዬ ላናግርዎት እፈልጋለሁ" በቂ ነው፣ ምክንያት መደርደር የለብሽም። ስትገናኙ መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አባቴ ጋ ይደርሳል ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዛ "ቀኑ ይራዘምልኝ ብል ከጎኔ ይቆማሉ?" በያቸው። "ይሄንን ከአባትሽ ጋ ጨርሰናል" ካሉሽ የሚያጋባሽ ሰው ገና አልተገኘም ማለት ነው፣ እኔ በበኩሌ እንደዚህ ያለ ሰው ማንንም ባያጋባ ደስ ይለኛል።

ፍርሀትሽ ምን እንደሆነ ግን ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ሰው ፊት መቆሙ፣ ግርግሩ፣ ከቤት መውጣቱ ከሆነ የሚያስጨንቅሽ፣ ጥሩ አጋቢ ቁጭ ብሎ ሲሰማሽ ይቀልልሻል፣ ይሄ ብዙ ሙሽራ ላይ ያለ ነው። ሰውየውን አልፈልግም ከሆነ፣ ወይ ደሞ እምቢ ብል ምን ያደርጉኛል ብለሽ የምትፈሪው ሰው ካለ፣ ፓስፖርትሽን የያዘብሽ፣ ስልክሽን የሚፈትሽ ካለ ግን ይሄ የአጋቢም የኔም ጉዳይ አይደለም። ባለሙያ አናግሪ የምለው እንዲሁ ለማለት ያህል አይደለም፣ ለምኜሻለሁ፤ ያለሽበት አገር ያለ የሴቶች ድጋፍ ድርጅት ወይም ፖሊስ ጋ ሂጂ። አስገድዶ መዳር በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል፣ ለዚህ ብቻ የሚሰራ የመንግስት ክፍልም አለ። የተከፈለውን ገንዘብ ደሞ እርሺው፣ ቀብድ የሚቀልጥበት ሰርግ ይሄ የመጀመሪያው አይሆንም። ምን እንዳደረግሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ይሄን የምታነቡ አጋቢዎችም ካላችሁ፣ ከሁለቱም ጋ ለየብቻ አስራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። ለየብቻ።

ጥያቄ፦ እሱ ካቶሊክ፣ እኔ ሌላ እምነት። የኔም የሱም የሃይማኖት አባት አንድ ላይ ቆመው ግማሽ ግማሽ ቢያጋቡንስ?

መልስ፦ ለቤተሰብ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ሁለቱንም ለየብቻ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ እሺ አይሉም፣ እምቢታቸውም ከክፋት አይደለም። የካቶሊክ ሕግ ለምሳሌ የሁለት እምነት አገልጋዮች አንድ ላይ ቆመው በየራሳቸው ስርዓት ቃል እንዲቀበሉ አይፈቅድም፣ ለጋብቻውም ከጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ቃሉን ያስገባ፣ ሌላው ጸሎት ወይም አጭር መልዕክት ያድርግ ማለት ብዙ ጊዜ ይሳካል። ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ማን እንደሆነም ቀድሞ ይለይ። ቀሪውን ቄሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የሚያጋባን ሰው ንግግር ይወዳል፣ አርባ ደቂቃ እንዳይሄድብን ፈርተናል፣ ቅር ሳናሰኘው እንዴት እናሳጥረው?

መልስ፦ ደቂቃውን በቁጥር ንገሩት፣ "አጠር ቢል" ማለት ለንግግር ወዳጅ ምንም ማለት አይደለም። የሚለውን ጽፎ ከሳምንት በፊት ይላክላችሁ፣ አንብባችሁ የማትፈልጉትን አውጡ፣ የናንተ ቀን ነው። ቃሉን ተከትላችሁት የምትሉ ከሆነ ሶስት አራት ቃል እያደረገ ይስጣችሁ፣ አንድ ትልቅ አረፍተ ነገር ከሰጣችሁ መሀል ላይ ይጠፋባችኋል። ማይኩን ደሞ ለራሱ ብቻ አይያዘው፣ እናንተ ስትናገሩ ወደናንተ ያምጣው፤ ስንት ሰርግ ላይ ተቀምጬ የአጋቢውን ድምፅ ሰምቼ የሙሽሮቹን ሳልሰማ ወጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ እዛው መድረክ ላይ ስማችንን አሳስቶ ቢጠራን እናርመው ወይስ ዝም እንበል?

መልስ፦ አርሙት፣ ወዲያው፣ ጮክ ብላችሁ። ወረቀቱም ላይ ያለውን ስም ከፓስፖርታችሁ ጋ ፊደል በፊደል አስተያዩት፣ ከመፈረማችሁ በፊት።